መውጫ የሌለው ውሃ

ጀልባዋ ተገኘች፤ ዱካሞ ግን የለም፤
ሐምሌ ነበር ወሩ፣ ጎሕ ገና አልቀደደም።
ደንገል ተደግፋ፣ መረቧን ጎትታ፣
ሦስት ቆሮሶ በሆዷ፣ የአንዱ ነፍስ ሳትወጣ።
በአራተኛው ቀን ሐይቁ መለሰልኝ፤
ምን እንደ መለሰ እባክህ አትጠይቀኝ።

ከዚያ ወዲያ እጄ ሥራውን አልተወም፤
አሞራ ገደል ላይ ዓሣ እበልታለሁ፣ አፌ ግን አይከፈትም።
አባ ኮዳዎቹ፣ ራሰ በራ ሁሉ፣
እንደ ዕድር ዳኛ ዙሪያዬን ቆመው አንጀት ይጠብቃሉ።
"የዓሣውን እነሆ፤ የኔን ማን በላው?" ስል፣ ዝም ይላሉ።

እሑድ እሄዳለሁ።
ጉባኤው ሲዘምር ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፤
"እግዚአብሔር መልካም ነው" ሲደርስ አጎነብሳለሁ፣
ጫማዋ እንደ ተፈታ ሴት።
ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነው የማደርገው፤
ማንም ልብ አላለም። እሱ ግን ያውቀዋል።

ማታ ማታ ደግሞ ጸሎት ነው ብዬ ክስ አቀርባለሁ፦
"ጴጥሮስ ሲሰጥም እጅህ ፈጥና ደረሰች፤
ለዱካሞ ጊዜ ማን ያዛት፣ የት ቀረች?
ወይስ ጩኸቱ በሲዳምኛ ስለ ሆነ ነው?
ማዕበል መገሠጽ ለገሊላ ብቻ ነው?"
መልስ የለም። ከሐይቁ የእንቁራሪት ድምፅ፣
ከጎረቤት የሕፃን ልቅሶ።

ጋሽ ላንቃሞ አለ፣ ጀልባ የሚጠግን፣
ከቃሉ ይልቅ ሳሉ የሚበዛ።
አንድ ቀን ከጎኔ ቁጭ አለ፣
ሬንጅ የነካው እጁን በአሸዋ እያሸ።
አላጽናናኝም፤ ጥቅስም አልጠቀሰ።
በጣሳ ውሃ ቀዳና "ቅመሺ" አለኝ፤ ቀመስኩ።
"ጨው አለው?"
"የለውም።"
"እስቲ መውጫውን አሳዪኝ።"

ዞሬ አየሁ። ሠላሳ ዓመት ከዳሩ ኖሬ
ያላየሁትን ያን ቀን አየሁ፦
ጥቁር ውሃ ይገባል፣ ስሙን እንደ ተሸከመ፤
የጎርፍ ጭቃ ይገባል፤ የከተማው እድፍ ይገባል፤
የሚወጣ ወንዝ ግን አንድም የለም።
"ሻላ ጨው ሆነ" አለ፤ "አቢያታም ጨው ሆነ።
መውጫ ያጣ ውሃ መምረር ነው ወጉ።
ይሄኛው ግን…" ሳሉ ያዘው።
የቀረውን ሳይነግረኝ ሬንጁን አንሥቶ ሄደ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም።
ከሥር ነው ይላሉ፤ ዓይን በማይደርስበት፣
በአሸዋ መሃል፣ በድንጋይ ስንጥቅ ጠብታ በጠብታ ይሰርጋል፤
ታቦር ከላዩ ቆሞ አያየውም፤ ዓሣ አስጋሪም አይሰማው።
የማይታይ ደጅ አለው።
"ሁሉን ዘጋህብኝ" ያልኩት ጌታ
ለካ ወለሉን ክፍት ትቶታል።

ከዚያ እኔን አሰብኩ።
ቡርቱካን ባሏ ሪፈራል ሲተኛ፣ ኮሪደሩ ላይ ሦስት ሌሊት አብሬያት ያደርኩትን፤
አንድ ቃል ሳይኖረኝ ያበጠ እግሯን ያሸሁትን፤
"አንቺ ብቻ ነሽ 'አይዞሽ' ያላልሽኝ" ብላ እጄ ላይ ያለቀሰችውን።
መራራ ሆኛለሁ ብዬ ነበር።
ለካ እየሰረግሁ ነው።

ይሄ ማለት ግን ድኛለሁ ማለት አይደለም።
ነፋስ ከአላሙራ በኩል ሲነሣ እስከ ዛሬ ልቤ ይቆማል።
መዝሙሩ ላይ "እግዚአብሔር" የሚለውን አሁን በድምፅ እላለሁ፤
"መልካም ነው" የሚለው ጋ ገና አልደረስኩም፤
ግን ጫማዬንም መንካት ትቻለሁ፤
ቀጥ ብዬ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

ትናንት ሐምሌ ገባ።
ጋሽ ላንቃሞ ጀልባዋን ሬንጅ ቀባልኝ፤ የዱካሞ ታናሽ ይዟት ይወጣል።
ውሃው ቡናማ ሆኗል፣ ዝናቡ የተራራውን አፈር ሁሉ አምጥቶበት።
ጎንበስ አልኩ። በእፍኜ ቀዳሁ።
ጭቃ ጭቃ ይላል።
ጨው ግን የለውም።