የአስላውግ አውራ ጣት

መጋቢት ነው፤ ሎፎተን ላይ ነፋስ ጥርሱን ያፋጫል፣
ኮድ የሚሉት ዓሣ መጥቶ ወደቡ ሁሉ ይንጫጫል።
አስላውግ፣ ስልሳ ያለፋት፣ መንጠቆ ላይ ሥጋ ስትሰካ፣
ለዓሣ ያሰናዳችው ስለት የገዛ ጣቷን ነካ፤
«ነካ» አልኩኝ? ሰረሰረው፣ እስከ አጥንቱ ደጃፍ ዘልቆ።
ዓሣ ሊይዝ የተሳለ፣ አጥማጇን ያዘ መንጠቆ።

አልጮኸችም። በባሕር ውሃ አለቅልቃ በጨርቅ አሰረች፤
ቀሪውን አራት መቶ መንጠቆ ሰክታ ጨረሰች።

ማታ ግን ጣቷ ነቃ።
ቀላ፣ ጋለ፣ አበጠ፣ ከልቧ እኩል ይመታል፤
ትንሽ ከበሮ ከነመቺው የዋጠ ይመስላል።

የሴል ግድግዳ ድንጋይ አይደል፣ ጭቃም አይደል፤ ስብ ነው፤
ሁለት ንብርብር ቅባት፣ ለስላሳ፣ ነፍስ ያለው።
ግድግዳው ሲደፈር፣ መቀስ የሆነ ኤንዛይም ደርሶ
ከግድግዳው አንድ ክር ይቀነጥሳል ነክሶ።
ሃያ ካርቦን ነው ርዝመቱ፣ ወገቡ ላይ የታጠፈ፤
የመንጠቆ ነገር፣ እሱም መንጠቆ መስሎ አረፈ።
ቤቱ ሲፈርስ ከገዛ ማገሩ ጥሩምባ የሚሠራ፣
ከስቡ ቆርሶ የሚጮህ፣ በስቡ ጎረቤት የሚጣራ!

ፕሮስታግላንዲን ይሉታል፤ ስሙ አፍ ውስጥ አይገባም፤
ሥራውን ግን አንድ ሌሊት የታመመ አይስተውም።
የደም ቧንቧውን «ስፋ» ይላል፣ ነርቩን «አትተኛ» ይላል፤
ደሙ ይሞላል፣ ቆዳው ይግላል፣ ሌሊቱ ይረዝማል።
ወንድሙ ሉኮትራይን በደም ጎዳና ይጣራል፤
ነጭ ወታደር በሺህ በሺህ ግድግዳ ሰንጥቆ ይገባል።
የሚገድሉትን ይገድላሉ፤ እዚያው ራሳቸው ይሞታሉ፤
ገርፎ እንደሚጮኸው ጅራፍ፣ ያቆስላሉ፣ ያለቅሳሉ።

የእህቷ ልጅ ኤይቪንድ ትሮምሶ ላብራቶሪ ውስጥ ያድራል፣
ሚዛን የማይሰማውን፣ የጠብታ ጠብታ ይመዝናል።
ደወለችለት፦ «ይሄ እሳት መቼ ይበርዳል?»
«ቀይ መስመር ክንድሽን ከወጣ ሐኪም ጥሪ» አለ አስቀድሞ።
ከዚያ ወሬው ጣመው፤ ሰማችው፣ ጣቷን ወደ ላይ አቁማ።

«አክስቴ፣ ድሮ እንዲህ እንል ነበር፤ እንጨቱ ሲያልቅ ይጠፋል።
አሁን መሣሪያው አሳየን፣ በቀጭን በቀጭን መስመር፤
እሳቱ ዝም ብሎ አይጠፋም፤ አጥፊ አለው የሚናገር።
ያው ጥሩምባ ነፊ ስብ፣ ሁለተኛው ቀን ሲሆን
ዜማውን ይለውጣል፤ ‹በቃ› ይሆናል ድምፁ አሁን።
ሪዞልቪን የሚባል አለ፣ ከዓሣ ዘይት የሚወጣ ሌላ፤
አዲስ መጪን ‹ተመለስ› ይላል፤ ጠራጊውን ‹ሬሳ ብላ›።
መርገብ ራሱ ሥራ ነው።»

አስላውግ ሳቀች፦
«ይህን ለማወቅ ነው እንዴ ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው?
መረብ ጥለህ ብትተኛ፣ ራሱ ነው ጀልባ ላይ የሚወጣው?
መጣልማ የማንም ነው፤ መሳብ ነው ወገብ የሚቆርጠው።»

በአምስተኛው ቀን ቆዳው ተሸበሸበ፣ በላት፣ ተላጠ።

ግን ሃልቫር አለ፣ ወንድሟ፣ ከመንገዱ ማዶ።
ከአንድ እናት፣ ከአንድ ጠርሙስ፣ ከአንድ ማንኪያ ነው ያደጉት፤
የኮድ ጉበት ዘይት፣ በየጠዋቱ፣ አፍንጫ ይዘው የዋጡት።
የእሷ ጣት በሳምንት ረገበ።
የእሱ አሥሩም ጣቶች ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ይነዳሉ፤
ጠላት በሌለበት ሜዳ ወታደሮች መገጣጠሚያውን ይከብባሉ።
«በቃ» የሚለው ቃል አልተላከም?
ወይስ ተልኮ፣ ደጅ ቆሞ፣ የሚከፍትለት አጣ?
ኤይቪንድን ጠየቀችው። በስልኩ ውስጥ የማሽን እስትንፋስ ብቻ መጣ።
«አናውቅም፣ አክስቴ። ገና።»

ዛሬ ጠዋት በረዶውን ተሻግራ ሄደች፤
አዲስ ቆዳ ባወጣው ጣቷ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈች፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።
አራተኛው ክሩ ላልቷል።
«ነገ መርፌ አመጣለሁ» አለችው።