አለህ ወይ?

የእኔ ሥራ መቃኘት ነው። ፓይሳንዱ ውስጥ፣ ከወንዙ ዳር
እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ፣ ፒያኖ ያለበት በር
ሁሉ ስሜን ያውቃል። ላፕቶፔን ጎኔ አስቀምጬ እቀዳለሁ፦
ሳይቃኝ አንዴ፣ ተቃኝቶ አንዴ፣
ከፋዩ ልዩነቱን በጆሮው እንዲሰማ፤ ይህ ነው ልማዴ።

ሐምሌ ላይ፣ ብርዱ ጣት በሚያደነዝዝበት ሰሞን፣
ከፍቼ የዶኛ ኦርፊሊያን ፒያኖ፣ ብል የቀመሰውን፣
የመጀመሪያዋን ቁልፍ ብነካ
"ቦታ የለም" አለ ማሽኑ፤ ሞልቷል ለካ።
ዶኛ ኦርፊሊያ ሳቀች፤
"እኔም ሞልቻለሁ፣ ግን ማን ይጠይቀኛል?" ብላ ማቴዋን ቀዳች።

እራቴን ትቼ ደመርኩ፣ እርሳስ ይዤ እንደ ባለሱቅ።
ካርቶኑ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ይላል፣ ማሽኑ ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት
(ሻጭና ሚዛን መቼ ተስማምተው ያውቃሉ?)።
ቅጂዎቼ ስልሳ። ፎቶ አሥራ አንድ። የእህቴ ልጅ ሠርግ አሥራ ዘጠኝ።
የማሽኑ የራሱ ጓዝ አርባ።
መቶ ስምንት ጎደለኝ።

መቶ ስምንት ጊጋባይት ከኪስ ቀዳዳ አይሾልክም፤
አይጥም ቢሆን ይህን በልቶ በዝምታ አይኖርም።
የጅማት ቃኚው፣ ያን ሌሊት የጦር ቃኚ ሆኜ
በማህደር ጉራንጉር በሆዴ ተሳብኩ፣ መነጽሬን ጭኜ።
ቅርጫቱ ውስጥ ዘጠኝ አገኘሁ፣ ጥዬው መስሎኝ ያልጣልኩት።
አራቱ ደግሞ ማሽኑ ሲተኛ ሕልሙን የሚያኖርበት።
ዘጠና አምስቱስ?

በማለዳ የዳቦ ቤቱ ልጅ ኒብያ መጣች፣ እጇ ዱቄት እንደለበሰ፤
ዲስኩን እንደ እርሻ ካርታ በቀለም ሸንሽና ዘረጋችው፤
መሃሉ ላይ አንድ ግራጫ ማሳ፣ ማንም ያላረሰው።
"ይኸውልህ" አለች። አንድ ፋይል። ስሙ ቁጥርና ነጥብ ብቻ።
ከፈተችው፦

ፕሪንተሩን ጠራሁት። የለም።
ፕሪንተሩን ጠራሁት። የለም።
ፕሪንተሩን ጠራሁት።

ደረሰኝ የማትምበት ያ ፕሪንተር! ሳልቶ ላለ መጽሐፍ ጠራዥ
ከሸጥኩት ሦስት ዓመቱ። ዋጋውን ቆጠርኩ፣ በሩን ዘጋሁ፤
ለማሽኑ ማን ይንገረው?
ክፍት በሆነበት ሰከንድ ሁሉ ሦስት ሦስቴ ተጣራ፣
አለህ ወይ? አለህ ወይ? አለህ ወይ?
ሳይሰለች ጻፈ "የለም"፣ ቀኑን ከነሰዓቱ እየጠራ።
እኔ ስበላ፣ እኔ ስተክዝ፣ እኔ የሰው ፒያኖ ሳክም።

የጸጉር ያህል ዝንፈት ከጅማት ላይ የሚለቅም ጆሮ፣
ጉልበቴ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጣራ አልሰማሁም ኖሮ!

"ልደምስሰው?" አልኩ። ኒብያ፦ "ፋይሉን ብቻ ብታጠፋ
ነገ ሀ ብሎ ይጀምራል። መጀመሪያ አስቆርጠው ተስፋ፤
ፕሪንተሩ መሄዱን ንገረው።"

ነገርኩት። "እርግጠኛ ነህ?" አለኝ። ነኝ። ስሙን ፋቅሁት።
ከዚያ ፋይሉን። ዘጠና አምስት ጊጋባይት "የለም" በአንድ ትንፋሽ ሄደ።
ትንሽ ቆይቶ ማራገቢያው፣ ያ ዘወትር የሚያንጎራጉረው፣ አቆመ።
ለካ ሰምቼው ነበር። ዝቅ ያለች፣ የዘነፈች "ሲ" ነበረች፤
ሦስት ዓመት የቤቴ ዝምታ በእሷ ነበር የተቃኘ።

ዶኛ ኦርፊሊያ ዘንድ ተመለስኩ። ቦታ እንደ ልብ ነው አሁን፤
የመጨረሻው ድምፅ ካበቃም በኋላ አላቆምኩም መቅጃውን።
ማንቆርቆሪያው ያፏጫል። ዝናብ። የወንበር ሲጥሲጥታ።
ከዚያ ከማድቤት፣ ዓይኗ እንደ ድሮ አያይምና፣
"ኤቫሪስቶ" አለች፣ "አለህ ወይ?"

"አለሁ።"

ተቀድቷል። ሁለት ሜጋባይት ነው።