አርባ ሦስተኛው ደቂቃ

በማዳበሪያ ከረጢት ካሴቶቼን ተሸክሜ፣
ሠላሳ ስምንት ፊልም፣ ዘንዶና ጠንቋይ ብቻ፣ የልጅነት ዕድሜ፣
ከአራዳ ቁልቁል ወረድኩ፣ በነሐሴ ጭቃ፣
ባጃጁ እየረጨኝ፣ እኔንም የያዝኩትንም ዕቃ።

ኤፍራታ ሱቅ ገባሁ። ልጅ ናት፣ ጥፍሯን ትቀባለች፤
አንዱን ካሴት አነሣች፣ እንደ ጡብ መዘነች።
«ጋሼ፣ ይሄ ሻግቷል» አለች፣ አሸተተችና፣
«ሁሉም ወጥተዋል በአዲስ፣ ታጥበው፣ ጠርተው እንደገና፤
የዘንዶው ቅርፊት ይቆጠራል፣ አንድ ባንድ፣
የእሳቱ ምላስ ይለያል፣ ዋሻው ውስጥ ሲነድ።
በአውራ ጣት በምታህል ፍላሽ ልስጥዎ ሁሉንም፤
ይህን ግን የሚገዛዎት የለም፣ ማንም።»
ከፈልኩ። ፍላሹን በኪሴ፣
ከረጢቱን በጀርባዬ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ መልሼ።

ቪዲዮ ቤት ነበረን፣ ቀሃ ወንዝ አጠገብ፣
ሃምሳ ሳንቲም ከፍሎ ሰፈሩ የሚሰበሰብ፣
ከአግዳሚው የተረፈ መሬት የሚቀመጥ፣
በር ላይ አባቴ፣ ዱላውን ይዞ፣ ሳይከፍል የገባ የሚያሯሩጥ።
ወንድሜ ባየልኝ ከስክሪኑ ጎን ቆሞ
ይተረጉም ነበር፤ እንግሊዝኛ አይችልም ደግሞ።
ንጉሡን በጎንደርኛ ያስቆጣዋል፣
ጠንቋዩን «የኔታ» ይለዋል፣
ልዕልቲቱ ስትስቅ «የቁስቋም ልጅ ናት» ብሎ ያልፈዋል።

የካሴቱም ክር ከጨዋታ ብዛት ተልጦ ነበርና፣
አርባ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ፣ ንጉሡና ዘንዶው ሊገጥሙ ገና፣
ስክሪኑ ይወረራል፣ በነጭ በጥቁር ጉንዳን፤
ሹ… ይላል፤ ያኔ ባየልኝ ነው የሁላችን ዓይን።

«ዘንዶው አመለጠ! ደባርቅን አለፈ፣ ማሳ ሳይነካ፣ ከፍ ብሎ፤
ጭላዳዎቹ አዩት፤ ገደል አፋፍ አደረ፣ ጉሙን እንደ ጋቢ ተከናንቦ፣ ቆስሎ።
ያ ጉም የሚመስላችሁ የሱ ትንፋሽ ነው፤
ነጎድጓድ ስትሰሙ አትፍሩ፣ ጉንፋን ይዞት ነው።»
ከዚያ ወዲህ በክረምት፣ ሰማይ ባጓራ ቁጥር
«ይማርህ» እንል ነበር፣ የቀሃ ልጆች፣ በምሥጢር።

ትናንት ማታ ፍላሹን ሰካሁት። ምን ልበል፣ ጠራ!
ጠርቶ ጠርቶ፣ ዘንዶውን ያንጠለጠለው ሽቦ አበራ፤
የዋሻው አለት ጀሶ፣ የጠንቋዩ ጢም ዳር ሙጫ፣
የወርቁ ዙፋን ለካ የፕላስቲክ መቀመጫ።
ብቻዬን ሣቅሁ። ኤፍራታ ቃሏን ጠብቃለች፤
ቅርፊቱን ቆጠርኩት፣ አንዲት እንኳ አልጎደለች።

አርባ ሁለት። አርባ ሦስት። ጉንዳን የለ፤
ሰይፉ ከክንፉ ሥር ገባ፣ ዘንዶው ወደ ጎን ተንከባለለ፤
ዓይኑ፣ እንደ ሰው ዓይን፣ ቀስ እያለ ተከደነ፤
ጥርት ብሎ፣ በቀለም፣ የማይካድ ሆነ።
ወደ ኋላ መለስኩት፤ ሞተ። ደግሜ፤ ሞተ።
ከሩቅ፣ በአንገረብ በኩል፣ አንድ ነጎድጓድ ተጎተተ።
አፌን ከፍቼ ነበር።
ዘጋሁት።

ጧት አዘዞ ሄድኩ። ባየልኝ፣ ከጎማ ቤቱ በራፍ፣
ካላማዳሪ ባልዲ ነክሮ አረፋ ይጠብቃል፣ እንደ ዓሣ አጥማጅ በወንዝ አፋፍ።
«ስማ፣ ያ ዘንዶ…» አልኩት። ቀና አለ። «የቱ ዘንዶ?»
«የኛው ነዋ፣ ጉንፋን ያስያዝከው፣ ከደባርቅ ማዶ።»
ሣቀ፣ ሁለት ጥርሱ የለም። «ታውቅ ነበር?» ልለው ስል
ቀደመኝ፣ ድምፁን ዝቅ አርጎ፣ ንስሐ እንደሚገባ ባለ በደል፤
«እኔስ መቼ አየሁት? ለኔም እኮ ጉንዳን ነው የታየኝ፤
አዲሱ ላይ አለ አሉ። እንዴት ሆነ? እስቲ ንገረኝ።»

ባልዲው ውስጥ አንዲት አረፋ ብቅ አለች፣ ፈነዳች።
እጄ፣ ሳላዛት፣ ወደ ሰሜን ተዘረጋች።
«ቆስሏል» አልኩት፣ «ግን ሄደ። ማሳ እንኳ አልነካም።
እንዳልከው ነው፤ አንድ ቃል አልተሳሳትክም።»
ባየልኝ ቀዳዳዋን በጠመኔ ከበባት፣
«ብያለሁ እኮ» አለና፣ ማስቲሽ ቀባት።