አረፋ

ፒያሳ ቁልቁለት፣ ከሆቴሉ ጓዳ፣
በረዶ እወቅጣለሁ፣
ለወንድሜ ሰርግ፣ ለአንድ ትልቅ እንግዳ።

እንግዳው አባቴ፤ ጠጅ ቤት ያረጀ፣
ከዐምናው ኅዳር ወዲህ
ጠብታ ሳይቀምስ ዓመቱን የፈጀ።
ወንበሩ አሁንም አለ ይላሉ፣ እዚያ እነ ብርቄ ቤት፣
ጀርባው ያለሰለሰው ግድግዳ፣ ቅርጹ እንዳለበት።

ጠርሙሱ በአይሱዙ ጀርባ፣ በጭድ ተጎዝጉዞ መጥቶ፣
ወይን ነው ይላል ጽሑፉ፤
ግን ስካሩ ወጥቶ፣ አረፋው ብቻ ቀርቶ።
«ይሄ ደግሞ ምን ሊረባ?» ይላል አሳላፊው ማንደፍሮ፣
«ቅኔ ነው ወርቁ የጠፋ፣ ሰሙ ብቻውን ተቋጥሮ።»

ዝም አልኩት። ሥራ አለብኝ።
የእንፍራንዝ ማር ነው ብርዙ፤ ትናንት ማታ በጥብጬ፣
ጌሾ ሳላሳየው፣ ሳይፈላ፣
በነጠላ ጫፍ አጥልዬ፣ ከቀዝቃዛ አስቀምጬ።
የብርሌ አፍ ጠባብ ነው፤
በረዶው እንደ ጨው ካልደቀቀ አይገባም።
ሁለት ጣት ብርዝ፤ ዝንጅብል፤ ሎሚ፣ ማንኪያ የማይሞላ፤
ወይኑ በመጨረሻ፣ በብርሌው ገላ፣
ቀስ ተብሎ፣ በዘንባላው፤ አለዚያ ይቆጣል፣
አረፋ እንደ ሙሽራ ነው፣ ከቸኮሉበት ያመልጣል።

መጀመሪያ ኮክ ሞክሬ ነበር። ጣፈጠ፤ አባቴን አይመስልም።
መራራ ቢጤ ጎደለው። የጌሾ ቅጠል አሰብኩ፤ እጄ ፈራ።
የትርንጎ ልጣጭ ጠመዘዝኩበት፣
ስሜን መሆኑ ነው፤
እሱ ነው ያወጣው፣ በሞቅታው ሰዓት።
ባይጠጣ ኖሮ ማን ይለኝ ነበር?
ጠይቄው አላውቅም።
ከላይ አንዲት ቅንጥብ ጤና አዳም።

ጧ! አለ ቡሹ።
ትከሻው አወቀው ያን ድምፅ፣ ከጆሮው ቀድሞ፤
እጁን አየሁት ከጠረጴዛው ጫፍ፣
መሄድም መቅረትም አቅቶት፣ ቆሞ።

ሐጂ ኑርሁሴን፣ የአዲስ ዓለሙ ወዳጁ፣ ሳብ አርጎ ወንበር፣
«ለኔም ከሱ ቅጂልኝ፤ አረፋ ዘንድሮ በጥር ገባ፣
በሉ እንግዲህ ይከበር!»

አዳራሹ ብርሌ አነሳ፤ የነሱም ቢጫ፣ የሱም ቢጫ፣
ከሩቅ ማንም አይለየው፤ ሹክሹክታ የለ፣ ግልምጫ።
«ለጤናችን!» አሉ። ቅጠሏ ነካችው አፍንጫውን።
ጠጣ።
ቆየ።
ምላሱን አዟዟረ፣
የጠፋ ሰው እንደሚፈልግ፣ ደጃፍ ለደጃፍ፣ በስሙ እየጠራ።

«ይሄ ነገር ይዋሻል፤
እንደ ወይን ይመጣል፣ ጉሮሮዬ ድረስ ይዘልቃል፣
ከዚያ እጅ ነስቶኝ ያልፋል።»
ሐጂ ሳቁ አመለጣቸው፤ ብርዙ ጺማቸው ላይ ቀረ።
እኔ መልስ አልነበረኝም። ፎጣዬን ጨመቅሁ።
አረፋው ከብርሌው አንገት ዝቅ፣ ዝቅ፣
ዝቅ ብሎ አረፈ።

በጣቱ ወደኔ ገፋው፣ ፊቴን ሳያይ፦
«ድገሚኝ።
ትርንጎዋን ግን አብዢ።»