ጥርሰ ወላቃ

እሁድ ነው ገበያው፣ ልደታ ከፎቁ ስር፣
ጎመን ታስሮ ቆሟል፣ ቲማቲም ሲደረደር።
ከሚዛኖቹ መሃል፣ በቢራ ሳጥን ላይ፣
ሃምሳ አለቃ አንዳርጌ፣ ኮፍያቸው በፀሐይ
ነጥቶ፣ ተቀምጠዋል፣
አኮርዲዮን ታቅፈው፦ ሳንባዋ ደህና ነው፣ አንድ ጥርሷ ግን ወልቋል።

ዜማው እየጋለበ፣ እዚያች ጥርስ ጋ ሲደርስ፣
ቀጥ ይላል፣ ጉድጓድ እንዳየ ሚኒባስ።

ከጎናቸው ሽንኩርት ሻጯ፣ ትርንጎ፣ ዜማ ግድ የላት፣
ጸጥታ ለሷ የዋጋ መጥሪያ ሰዓት ናት፦
«ሃምሳ!» ትላለች፣ ልክ በወለቀው ጥርስ ገብታ፣
«ሃምሳ ኪሎው!»
ዜማው በሷ ድልድይ ያልፋል፣ ባንድ አፍታ።
«አቤት!» ይላሉ ሃምሳ አለቃ፣ ማዕረጋቸው ተጠራና።
መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ኋላ ሰው ለመደና፣
ድንች የሚመርጥ እጅ ሁሉ ቆም ይል ጀመር እዚያች ቦታ።

ባለፈው እሁድ ግን ሽንኩርት ስልሳ ገባ።
ዜማው ደረሰ፣ ቆመ። ትርንጎ ሆዷ ባባ።
ሽማግሌውን አየች፣ ጣታቸው ባየር ቀርቶ፣
«ሃምሳ!» አለች ጮክ ብላ፣ አስር ብር ካፏ ወጥቶ።

«ምነው ከሰርሽ?» ብላት፣ ቀና ብላ አየችኝ፣
«ስልሳ አለቃ የሚባል ማዕረግ አለ?» አለችኝ፣
ምርቃት አንድ ራስ ጨምራ።

ማታ ሽንኩርቱን ስከትፍ፣ ዓይኔ እያነባ ሳንጎራጉር፣
ያቺ ጥርስ ጋ ስደርስ ቢላዬ ባየር ቆመ፤
ከላይኛው ፎቅ፣ በመስኮት፣ አንድ ሰው ቀደመ፦
«ሃምሳ!»