እርምጃ

መርከቧ ሐሙስ ለት ከትልቁ ደሴት
ከጫነችው መሐል፣ ከድንች ከዱቄት፣
አንድ ካርቶን ወረደ፣ ጨው ያረጠበው፣
ዴኦሊንዳን «ዲያሊና» ብሎ የጻፈው።
ውስጡ አንድ መጽሐፍ፤ ዐሥራ አንድ ታሪክ፣
ዐሥራ አንድ ዓይነት ሰው፣ ዐሥራ አንድ መልክ።

ማዘጋጃ ቤቱ የሰጠን ቅጽ አለ፣
«ያነበበ ይፍረድ፣ በጽሑፍ» እያለ፦
ስንት ራቁት ገላ? ስንት ስድብ? ስንት ደም?
በየሳጥኑ ውስጥ ቁጥር እንጂ ቃል የለም።
አረንጓዴ ለልጅ፣ ለጎረምሳ ብጫ፣
ቀይ ለትልልቁ፣ ከላይ ማስቀመጫ።
ከግርጌው በደቃቅ፦ «ተሳስቶ ለፈረደ
እርምጃ ይወሰዳል»። ስንቱን አስወገደ!

ምሽት ነው። በፒኮ ጥቁሩን የድንጋይ ካብ
ወይኑን እንዳቀፈ ያጥበዋል ዝናብ።
መነጽሬን ጠረግሁ፣ እግሬን በብርድ ልብስ
ጠቅልዬ ጀመርሁ፣ አንድ በአንድ ሳስስ።

አንደኛው፦ አንድ አናጢ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣
ሾርባ መሥራት ሲማር ጨው ሲበዛበት።
አረንጓዴ ሰጠሁ። ልጅ ያልቅስ፤ ምናለበት።
ሁለተኛው፦ ማማ፣ የባሕር መብራት፣
ጠባቂውና አንዲት ባለትዳር ሴት፤
ሦስት ገጽ ሙሉ ልብስ የሌለበት።
ቀይ። (ሁለቴ አነበብሁት። ለሥራ ነው፣ በእውነት።)

ሦስተኛው መርከበኛ፣ አፉ ያልታረመ፤
ስድቡን ስቆጥርለት እርሳሴ ዶለዶመ፤
ሠላሳ ሰባት ላይ ሣቅ አቋረጠኝ፣
አባቴ መረቡን ሲጎትት ታየኝ።
ብጫ። ይህን ስድብ ከወደቡ ቆሞ
የማይለምድ ልጅ የለም፣ ከጸሎቱ ቀድሞ።

አራተኛው ጦር ሜዳ፤ ደሙ በባልዲ ነው፤
አንዲት ጠብታ እንኳ እጄን ያልነካው።
ለወጉ ቀይ አልሁት።
አምስተኛው አንዲት ሴት፣ ከቤት እስከ ወደብ
እርምጃ ስትቆጥር። ይኼንንስ ማንበብ!
ደራሲው ሲያንቀላፋ እኔም አንቀላፋሁ፤
አረንጓዴ ሰጥቼ ቶሎ ብዬ አለፍሁ።
ስድስተኛው ቀልድ ነው፤ ለቄሱ አልነግርም።

ሰባተኛው ላይ ግን ሻዬ እጄ ላይ በረደ።
የተዘጋ በር ነው። ቀበቶ ወረደ።
እሱም አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ነው፣
ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እኅት የምትሰማው።
ገላ፦ ዜሮ። ስድብ፦ ዜሮ። ደምም፦ ዜሮ።
ቅጹ አረንጓዴ አለ፣ በሒሳብ ቀምሮ።
እኔ ግን ታየኝ የኢቮኔ እጅጌ፣
በነሐሴ ሙቀት እስከ ጣቷ ግርጌ።
ዐሥራ አምስት ሞላት። ቅዳሜ ሲመጣ
ከመስኮቱ ጥግ ናት፣ ቤት ዘግቼ እስክወጣ።

(ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥርን አንብቤያለሁ መሰለኝ።
መጨረሻው ላይ ውሻ ነበር፣ ጥሩ ውሻ።)

ቀይ ብለጥፍበት እሷ አታገኘውም፤
አረንጓዴ ልበል ብል እጄ አይታዘዝም።
ምንም ሳልለጥፍ የሐር ክር አስገባሁ
ከሰባተኛው ላይ። ሆን ብዬ ነው፣ አውቃለሁ።
«ውሰጂው» አልኋት፤ ሌላ አልጨመርሁም።
አመሰገነችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችም።

ማክሰኞ መለሰች። ክሩ ቦታ ለቋል፤
ሰባተኛውን ትቶ አምስት ላይ ተኝቷል።
ያ አሰልቺው ታሪክ! በገጹ ኅዳግ ላይ፣
በእርሳስ፣ በጣም ደቃቅ፣ በዓይን እንደማይታይ፦
«እኔም ቆጥሬዋለሁ። ከደጅ እስከ መሳፈሪያ
አራት መቶ ዐሥራ ሁለት። ባሕር ነው ከዚያ ወዲያ።»

ላጲስ አነሣሁኝ። መጽሐፍ አይጻፍበትም፤
የገዛ ሕጌ ነው። እጄ ግን አልሄደም።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቁጥር ስፈርድ፣
የቱ ታሪክ ይሆን የበሰለ፣ የሚከብድ?
ራቁቱን ቆጠርሁ፤ ስድቡን ቆጠርሁ፤
ስትቆጥር የኖረችን ልጅ ግን ዘለልሁ።

ቅጹ ከነሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ ቀረ።
ካፖርቴን ደረብሁኝ፣ መብራቱን አጠፋሁ፣
ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዙሬ ወጣሁ።
ከዚህ እስከ ደጃቸው ስንት እንደሆነ እንጃ።
አንድ። ሁለት። ዝናብ። ሦስተኛ እርምጃ።