ጉዳዩ፦ ማራዘምን ይመለከታል

ካዛንቺስ፣ ከመሥሪያ ቤቱ አጥር ሥር፣ ጃንጥላ ተክዬ
የሰው ጉዳይ እጽፋለሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቁጭ ብዬ።
የጡረታ፣ የውርስ፣ የፍቺ፣ የጠፋ ካርታ፣ የጉዲፈቻ፣
በአንድ ገጽ የማይገባ የለም፤ ጉዳዩ ይነገረኝ ብቻ።

ማክሰኞ ጧት አንዲት ሴት፣ ጥፍሯ ሥር ሰማያዊ ገብቶ፣
አጠገቤ ቆመች፣ ፊቷ እንቅልፍ አጥቶ።
«ጋሽ መንበሩ አንተ ነህ?» አለችኝ።
«ነኝ» አልኳት። ፓስፖርቷን ሰጠችኝ።
ኢጅላል ባቢከር። የትውልድ ቦታ፣ ኦምዱርማን።
ሙያ፣ ሥዓሊ።
«ፈቃዴ» አለች «ዓርብ ያልቃል፤
ከዓርብ ወዲያ እኔ ማን?»

ቅጹን ዘረጋሁት። አንደኛው ሣጥን፦ የአሠሪው ስም።
«ማነው የሚያሠራሽ?»
«ጧት ጧት ብርሃን» አለች ጥቂት አስባ፣
«በምሥራቁ መስኮት ሲገባ።
ከሰዓት በኋላ ግን ዕዳ።»
ብርሃን ብዬ እንዳልሞላ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር የለው፤
ዕዳ ብዬ እንዳልጽፍ፣ መስኮት ሦስት ያለችው ልጅ
«እሱማ የእኔም አሠሪ ነው»
ብላ ትመልሰዋለች ብዬ ፈራሁ።
«ራሷ ለራሷ» ብዬ ሞላሁ።
በቀይ ተሰምሮበት ተመለሰ፦ ሰው ራሱን አይቀጥርም።
(እኔ ግን የሚቀጥር አውቃለሁ፤
ደመወዝ አይከፍልም እንጂ፣ ዕረፍትም አይሰጥም።)

ሁለተኛው፣ አድራሻ።
ዶሮ ማነቂያ ነበረች፤ የጣውላ ደረጃ፣ ሰገነት፣
ከታች ሰዓት ጠጋኝ፣ ከላይ የዘይት ቀለም ሽታ ያለበት።
የቤት ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ቤቱ ግን ፈርሷል፣
አሁን እዚያ ሣር ተነጥፎ ማታ ማታ አምፖል ይበራል።
«ታዲያ ቁጥሩን ሣሩ ላይ እንጻፈው?» ብላ ጠየቀችኝ፤
የጓደኛዋን ቤት ሞላሁ። ሦስተኛዋ አስቸገረችኝ።

ይህን ሥራ የሚሠራ የአገሩ ተወላጅ ያልተገኘበት ምክንያት?
«በይ፣ ምን ልበል?»
«ሞልቷል» አለች፣ «ሥዓሊ ሞልቷል፤ ከእኔ የሚሻል ስንት።
ግን የእናቴ በር
የት ጋ እንደተሰነጠቀ፣
ስንቴ ሰማያዊ እንደተቀባ፣ ጥይቱ በየት እንደዘለቀ
የሚያውቅ ካለ ይምጣና ይሣለው። እኔ እሄዳለሁ።»
እንዳለ ጻፍኩት።
«በትሕትና እጠይቃለሁ» ማለትን እንኳ ረሳሁ።

ረቡዕ፣ ሲስተም የለም።
ሐሙስም ሲስተም የለም።
እሷ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ፣ በተመለሰው ቅጽ ጀርባ
በእርሳስ ትጭራለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደንብ አስከባሪዎች መጡ።
«ፈቃድ?» አለኝ አንደኛው።
ልጄ ይሆናል በዕድሜ፤ የቀበሌ ደብዳቤውን እኔ ነኝ የጻፍኩለት።
«የማን ፈቃድ?»
«የአንተ።»
የሃያ ሁለት ዓመት ወረቀት በልቤ አገላበጥኩ፤
የራሴ ስም ያለበት አንድ እንኳ አጣሁ።
ጃንጥላዬ ተጫነ፣ ጠረጴዛዬም፣ በርጩማዬም፤
መንበሩ ያለ መንበር ቀረ፤
ስም ያወጡልኝ አባቴ እንኳን ይህን አላዩም።

ኢጅላል ወረቀቱን ሰጠችኝ። እኔ ነኝ፦
ጃንጥላው አለ፣ በርጩማው አለ፣
ዓይኔ ግን ከጽሑፉ ተነሥቶ የሆነ ሩቅ ቦታ ያያል።
ወደ ብርሃን ሳነሣው
ከማዶ ያለው ቀይ መስመር በግንባሬ ላይ ያልፋል።

ዓርብ እንዴት እንደሆነላት አላውቅም።
ሊስትሮው «እየሣቀች ወጣች» ይላል፤
ሎተሪ አዟሪው «ኧረ እያለቀሰች።»

እኔ ዛሬ ወረቀቱን አጥሩ ላይ አስደግፌ፣ ቆሜ እጽፋለሁ፦
ለሚመለከተው ሁሉ።
ጉዳዩ፦ በእግረኛ መንገድ ዳር ለመቀመጥ ፈቃድ ስለመጠየቅ።
ስም፣ መንበሩ ወልደአረጋይ።
አድራሻ፣ ከዚሁ አጥር ሥር፣ የነበረ።
የአሠሪው ስም፣

ቀና አልኩ።
ሰማዩ ደመና ነው።
ነገ እመለሳለሁ።